«አባታችን» ወይስ «አባቴ»

በልጅነቴ «አባታችን ሆይ» እንዳልል ተከልክያለሁ፤ በደል ነውና ይጻፍልኝ።

ዛሬ ጧት የልጅ ልጄ ይህንኑ ጸሎት ጮክ ብላ ስትደግም ሰማሁ። እኔ ዲቃላ ነኝ። እናቴ ስትሞት ይጁቤ ከተማ ወዳለው አባቴ ቤት ወሰዱኝ። እዚያ ማዕድ ሲነሳ ሁላችንም ቆመን እንጸልያለን፤ እጃችን ገና የሽሮ ወጥ ይሸታል። አንድ ቀን የአባቴ ሚስት ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«አባታችን የሚሉት የቤቱ ልጆች ናቸው። አንቺ አሜን በዪ።»

«ለዲቃላ አሜንም ይበዛባታል» አለ ትልቁ ወንድሜ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «አባቴ ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር» አልኩ። ሴትዮዋ ልትመታኝ እጇን ስታነሳ፣ አባቴ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል «ተያት፤ ከኔ የሚሻል አግኝታለች» አላት። ምን ማለቱ እንደነበረ ያኔ አልገባኝም፤ ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ስሆን «አባቴ ሆይ» እያልኩ ነው የምጸልየው። ዛሬ ግን ነገሩ አላስቀምጥ ስላለኝ ከዘራዬን ይዤ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አባ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስሳሳት ነው የኖርኩት?» አልኳቸው።



«እግዚአብሔር አባትዎ መሆኑስ እውነት ነው፣ እማማ» አሉኝ። «ነገር ግን እነሱ እርስዎን አንድ ቀን አስወጡ፤ እርስዎ ግን «አባቴ» ባሉ ቁጥር ወንድሞችዎን በየቀኑ ሲያስወጡ ኖሩ።»