ስንተኛ ወጣን?

ዛሬ ጠዋት አንዲት ልጅ ኡም ሰላል መሐመድ ከሚባለው ሰፈር ደውላ «ሙሉነሽ አረፈች» አለችኝ። «ስሙን በደንብ አጣሪ፤ ተሳስተሽ ይሆናል» ብዬ ዘጋሁባት። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ለማታውቋት፦ ሙሉነሽ እዚህ ዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ፣ እንደ እኔው የጡት ካንሰር የያዛት ሴት ነበረች። እኔ ቢን ኦምራን ሰፈር፣ ልጄ ቤት ነው የምኖረው። አንድ የመድኃኒት ሙከራ ውስጥ በአንድ ቀን ተመዘገብን። በየጊዜው ስካን እንነሣለን፤ ሐኪሞቹ ዕጢያችንን በሚሊሜትር ለክተው መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ያያሉ።

እሷ ውጤት በመጣ ቁጥር «እትዬ፣ ስንተኛ ወጣን?» ትለኛለች፣ እንደ ተማሪ ቤት ካርድ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ሁሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ተማሪ ሳለሁ ሁለተኛ የወጣሁ ዕለት ራት አልበላሁም።

አንድ ቀን የእሷ ዕጢ በግማሽ አነሰ ተባለ። የእኔ «ባለበት ነው»። ክኒኑን ደቂቃ ሳላዛንፍ የምውጠው እኔ! እሷ ማዳሟ ስትጠራት ትረሳውና «ኸላስ፣ በቃ ነገ እወስደዋለሁ» የምትል ሴት። ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በታመመች ሴት ቀናሁ።

«እንኳን ደስ አለሽ ይበሉኝ እንጂ፣ እትዬ!»

«ፈተናው ገና አላለቀም።»

«ያላ፣ አይዞዎት፣ በሚቀጥለው እርስዎ አንደኛ ይወጣሉ» ብላ ሳቀች።

ነርሷን ለብቻዋ ጠየቅኳት። «የሚለካው ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ሳይባባስ የቆየበት ጊዜም ይቆጠራል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ከወራት በኋላ የሙሉነሽ ተመልሶ አደገ። የእኔ አሁንም ባለበት። ከሐኪሙ ክፍል ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። «አላልኩዎትም? አንደኛ ወጡ። እንኳን ደስ አለዎት።»

በዚያም ቀናሁባት። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ተምሬ ያላወቅኩትን እሷ ከየት አመጣችው?

ማክሰኞ ስካን አለኝ። ስወጣ «ስንተኛ?» የሚለኝ የለም።

ሙሉነሽ፣ ያን ዕለት አንደኛ የወጣሽው አንቺ ነበርሽ። ስትጠይቂኝ አውቄ ነው የነፈግኩሽ። እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ። ካርድሽን ይዘሽ በሰላም ቤትሽ ግቢ።