በገብስ ማሳችን ድንበር ላይ የቆመው የባቡር ችካል

ጽሑፌ ተመረጠ! የአማርኛ መምህራችን ትናንት ክፍል ገብተው፣ ስለ አካባቢያችን የባቡር ታሪክ የጻፍኩት በወላጆች ቀን እንዲነበብ መወሰኑን ሲናገሩ ሳይጠሩኝ ከዴስኩ ብድግ አልኩ። ከኋላ የተቀመጡት ግን ሳቁ። «ከኮን እስከ ላሊበላ ባቡር ያየ ሰው አለ እንዴ?»

ባቡርስ የለም። ችካል ግን አለ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ የተሸከሙ ቀያሾች መጡና በእኛና በጎረቤታችን ማሳ ድንበር ላይ ጫፉ ቀይ የተቀባ ብረት ተከሉ። «ባቡሩ የት እንደሚያልፍ እያጠናን ነው፤ ይህ ለልኬት ብቻ ነው» አለ አንደኛው።

አባቴ እስኪርቁ ጠብቆ፣ «‹ብቻ› የሚል ሰው አይታመንም» አለ።

ጎረቤታችን የአባቴ መቀናጆ ነበሩ፤ ሁለቱም አንድ አንድ በሬ ስላላቸው አቀናጅተው ያርሱ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ለቀያሾቹ ዕቃ ተሸክመዋል። አባቴ ይህን ያዘ።

«መሬቴን ያሳየኻቸው አንተ ነህ!»

«ጠላ ያጠጣቸውስ ማን ነው? እኔ ነኝ?» አሉ እሳቸው።

ድንበር መግፋት ውግዝ ነውና ችካሉን የሚነቅል ጠፋ። ያም ሆኖ ‘ወደ እኔ ይገፋብኛል’ እያሉ ሁለቱም ጠዋት ጠዋት በእርምጃ ይለኩት ጀመር። እናቴ፣ «ገበሬ አገባሁ ብዬ የችካል ዘበኛ አገባሁ» ትላለች። መቀናጆው ፈረሰ። አባቴ በሬ ሲለምን ዘሩ ዘገየ፣ የዘገየውን ገብስ ውርጭ በላው። ባቡሩም አልመጣም።

ዘንድሮ ለጽሑፌ ልጠይቃቸው ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ ገና ከደጅ።

«ማንም፣ ጋሼ። ለትምህርት ቤት ነው።»

«ትምህርት ቤት በችካል ምን አገባው?» አሉና ሁሉንም ነገሩኝ። በመጨረሻ፣ «አባትሽ ባለበት አንብቢልኝ፤ አንቺም የእሱ ልጅ ነሽ፣ ለእኔ ሌላ ለእሱ ሌላ እንዳታነቢ» አሉ። አባቴም ሲሰማ፣ «እኔ በሌለሁበትማ አይነበብም! ምን እንዳስጻፈሽ ማን ያውቃል?» አለ።

ጽሑፉን ከማስረከቤ በፊት ሁለቱን አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ አነበብኩላቸው። በጎሪጥ እየተያዩ አዳመጡ። ውርጩ ጋ ስደርስ ጎረቤታችን አቋረጡኝ። «የእኔንም በልቶታል፤ ጻፊው እንጂ!»

አባቴ ዞረ። «ያንተንም?»

«በአንድ በሬ ማን አረሰ?»

«ማክሰኞ በሬህን አምጣው» አለ አባቴ። «ግን መጀመሪያ አብረን እንለካለን።»

ለኩ፤ አረሱም። የወላጆች ቀን ደግሞ ቃል እንዳልቀይር ሊጠብቁኝ ፊት ወንበር ላይ እንቀመጣለን ብለዋል። እናንተም ኑ። እንዲህ ያለ ችካል ማሳችሁ ውስጥ ካለ ንገሩኝ፤ እኔ የተሳሳትኩት ካለም፣ እዚያው ተነሥታችሁ «ውሸት ነው!» በሉኝ። እስክሪብቶዬን ይዤ እጽፈዋለሁ።