ቀጠሮው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል

ከቡሬ መናኸሪያ እኔና እናቴ በአንድ ማለዳ በሁለት መኪና ወጣን። እኔ ለስደት፣ እሷ «ፋይሌን ክፈቱልኝ» ልትል ወደ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሲሞት አጎቴ የእርሻችንን የመሬት ደብተር በስሙ አስወጣ። እናቴ ከሰሰች። በቀጠሮዋ ቀን ከገጠር እስከ ቡሬ በእግር፣ ከቡሬ በሚኒባስ አብረን ገሰገስን። ስንደርስ ቀጠሮው በሁለት ቀን ቀድሟል፤ «ከሳሽ አልቀረበችም» ተብሎ ፋይሉ ተዘግቷል።

«ለውጡን ሰሌዳ ላይ ለጥፈናል» አላት ጸሐፊው።

«ማንበብ አልችልም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ የሚያነብ ይዘሽ አትመጭም ኖሯል?»

ይህን ሲል ሞባይሉን እየነካካ ነው! የእናቴም ሞባይል መቀነቷ ውስጥ ነበር፤ ቁጥሯም ክሱ ላይ ተጽፏል። አንዴ ቢደውል ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ አንጀቴ ይቃጠላል። የሚያርሰው ያጣ ሰው ምን ይሆናል? ወጣሁ።

በሱዳን በረሃና በባሕሩ ላይ ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝ። መጨረሻ ኖርዌይ ገባሁ። ብርዱ የደጋ ዳሞትን ውርጭ ያስናፍቃል። እንጀራ የለ፣ ሽሮዬን በዳቦ እበላለሁ። አንድ ቀን አከራዬ በሬን አንኳኳች።

«ሽታው ግድግዳዬ ውስጥ ገባ። በሳምንት ውስጥ ውጭልኝ!»

«ሽሮ እኮ ነው።»

«ግድግዳው አልለመደውም።»

«እኔም ሉተፊስክ የምትሉትን አሣችሁን አልለመድሁም፤ ማንን አስወጣሁ?»

አንዲት የአገሬ ልጅ በነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ስልክ ሰጠችኝ። ደወልሁ። እነሱ አድቮካት የሚሉት ጠበቃ፣ አማርኛ አስተርጓሚና እኔ፣ ሦስታችን በአንድ መስመር! የኪራይ ውሌን በሞባይል አንስቼ ላክሁለት።

«ሕጉ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጥዎታል። አይውጡ» አለኝ፤ ለአከራዬም ጻፈላት። እሷም ተወችኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ብው አልሁ። እዚህ ለሽሮ ሽታ ጠበቃ በስልክ ይመጣል፤ እዚያ ለአንዲት መበለት መሬት አንድ ጥሪ ጠፋ!

ለእናቴ ደውዬ ነገርኋት። ፋይሏ ዛሬም አልተከፈተም፤ አጎቴ ማሳው ላይ በቆሎ ዘርቷል።

«ያ ጠበቃ እኔንስ ይሰማኝ ይሆን?» አለችኝ።

«የጎጃም ነገር አይመለከተውም፣ እማ።»

«ይፍረድልኝ አላልሁም። ይስማኝ ብቻ።»

«እኔ ልስማሽ» አልኋት።

ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው፣ እኔን ልጇን በአንቱታ፣ «ጌታዬ፣ ስሜ ይርጎ እባላለሁ» ብላ ከጋብቻዋ ጀመረች። ገና አባቴ ከሞተበት ሳትደርስ ካርዴ አለቀ።