በስልክ መስመር የወረደ ድምፅ

ጋሽ ኢሳይያስን ያወቅኋቸው ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና እርሻ ውስጥ ነው። እኔ ገና ተመርቄ የተቀጠርኩ የእርሻ ባለሙያ ነበርኩ፤ እሳቸው የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ኮምፒውተራቸውን በስልክ መስመር አዲስ አበባ ካለው የዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ጋር ያገናኙና የዝናቡን ልክ ይልካሉ። ኮምፒውተሩን ከስልኩ ጋር የሚያገናኘው ሞደም ያፏጫል፣ ይንጫጫል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል ተገናኝቷል ማለት ነው።

መከራው፣ በዚያው መስመር ላይ በጥበቃ ቤቱም ስልክ መኖሩ ነበር። ዘበኛው አለሙ እጀታውን ካነሳ ግንኙነቱ ይበጠሳል።

«ጋሼ፣ ስልኩ ውስጥ ጥንዚዛ ገብቷል!» ብሎ ይጮኻል ከበሩ።

«ጥንዚዛው አንተ ነህ! አስቀምጠው!»

ባለቤታቸው ንጋቷ በዚያው ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ኮምፒውተሩ የመጣ ሰሞን ፋይል መላክ ስትለማመድ፣ የሳምንቱን ዝናብ በማይክሮፎን አንብባ ድምፅዋን ሰርቨሩ ላይ አስቀመጠች። መጨረሻው ላይ ትስቅና «ኢሱዬ፣ ምሳ ደርሷል፤ ተነስ እጅህን ታጠብ» ትላለች። በዓመቱ መብረቅ የቢሮውን ኮምፒውተር አቃጠለው። በተከታዩ ዓመት ንጋቷ አረፈች። ድምፅዋ የቀረው እዚያ ሩቅ ሰርቨር ላይ ብቻ ነበር። ጋሽ ኢሳይያስ ዛሬ ነገ እያሉ ሳያወርዱት ሦስት ዓመት ቆዩ። «እዚያ መኖሩን ካወቅሁ ይበቃኛል» አሉኝ አንድ ቀን።

በ2000 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ሰርቨሩን የምትቆጣጠረው ሔለን ደወለች። ከጋሽ ኢሳይያስ ጋር ዓመታት ሙሉ በስልክ ተነጋግረዋል እንጂ ተያይተው አያውቁም።

«ጋሽ ኢሳይያስ፣ አዲስ መስመር ሊገባ ስለሆነ አሮጌውን ሰርቨር ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አጠፋዋለሁ። የሚፈልጉት ነገር አለ?»

«አንዲት የዝናብ ፋይል አለች።»

«በሲዲ ገልብጬ በአውቶቡስ ልላክልዎት?»

ጋሽ ኢሳይያስ ሌላ ሰው ከፍቶ እንዲሰማት አልፈለጉም።

«የለም ልጄ፣ ትንሽ ናት። እኔው አወርዳታለሁ።»

ትንሽ አልነበረችም። በእኛ መስመር ግማሽ ሰዓት ትፈጃለች፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ እንደገና ከሀ ነው። ሁለት ጊዜ ዝናቡ አቋረጠባቸው። አለሙ የበሩን ስልክ ነቅሎ፣ ገመዱን ጠቅልሎ አምጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረው።

«ይኸው ጥንዚዛዎ። አሁን ደግሞ በማን ያመካኛሉ?»

ሦስተኛውን ሲጀምሩ አሥር ሰዓት ከሩብ አልፎ ነበር። ስድሳ በመቶ፣ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ ስምንት። እዚያ ላይ ቁጥሩ ቆመ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በእኛ ቢሮ መስመሩን የተጠራጠረ ሰው እጀታውን አንስቶ ያዳምጣል፤ በክረምት በቀን አሥር ጊዜ እናደርገዋለን። የጋሽ ኢሳይያስ እጅ በልማዱ በዚያው መስመር ላይ ወዳለው የጠረጴዛቸው ስልክ ሄደ። እያየሁ አፌን አልከፈትኩም። ለምን እንዳልከፈትኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የሞደሙ ጩኸት ከእጀታው ወጥቶ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። መስመሩ አልሞተም ነበር። ከዚያ ተበጠሰና ጸጥ አለ።

«ነበረች እኮ» አሉ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ሳያነሱ።

«ሔለን ጋ ልደውልና ትንሽ እንድትቆይ ልለምናት?»

«ምን ብለህ?»

አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ሞደሙ ሲያፏጭ ቆየ። ከዚያ በኋላ ከወዲያኛው ወገን የሚመልስ ጠፋ።

የወረደው ያህል ግን ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ አንድ ባለሙያ እንዲከፈት አደረገላቸው።

አሁን ጡረታ ወጥተው አማን ከተማ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው መስከረም ሄጄ ጠየቅኋቸው። ስለ ድምፁ ምንም ሳላነሳ ስልካቸውን አውጥተው ከፈቱልኝ። ከሻካራው ድምፅ ውስጥ አንዲት ሴት ረጋ ብላ ታነባለች፤ «ሰኞ፣ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር። ማክሰኞ፣ ምንም። ረቡዕ፣ ሰባት...» ቅዳሜ ላይ ስትደርስ ተቆረጠ።

ጋሽ ኢሳይያስ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡና ባዶው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡ።