ካፖርት የለበሰው የልጄ መርማሪ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የልጄን ደብተር ጣና ውስጥ ልጥል ሄጄ ነበር... ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ።

ልጄ ቤዛ ካረፈች በሚቀጥለው ሳምንት ዓመት ይሞላታል። ኩላሊቷን ታማ፣ በዐሥራ ሰባት ዓመቷ። ልብሷን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፣ መጻሕፍቷን ለክፍል ጓደኞቿ። የስዕል ደብተሯ ግን ለማንም የሚሰጥ ሆኖ አልታየኝም።

ቤዛ ማንጋ የሚሉትን የጃፓን የስዕል ታሪክ ትወድ ነበር። ስልኳ ላይ ስታነብ ቆይታ የራሷን ጀመረች። ታሪኩ የአንድ መርማሪ ነው። የጠፋች ልጅ ይፈልጋል። እንቅልፍ የለውም። መስታወት ይፈራል፤ ሲያይ የሚያገኘው ፊት የእሱ አይደለማ። በባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ካፖርት ለብሶ ይዞራል።

«አንቺ፣ ይህ ሰውዬ አይሞቀውም?» አልኋት አንድ ቀን።

«መርማሪ ነዋ እማ! በካናቴራ ማን ያምነዋል?»

ከዚያ በላይ አላሳየችኝም። ሆስፒታል ተኝታም ትስል ነበር፣ እኔ ስገባ ትዘጋዋለች። «ሲያልቅ ታያለሽ» ነው መልሷ። ያረፈች ቀን ልብስ ልቀይር ቤት ሄጄ ነበር... አልደረስሁባትም። ደብተሩን ያገኘሁት ትራሷ ሥር ነው።

ከሐዘኑ ሰሞን በኋላ ገለጥሁት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ባዶ ናቸው። ቀጥሎ መርማሪው አንድ በር ላይ ቆሟል። በሩን የምትከፍትለት ሴት ፊት የላትም... ክብ ብቻ። ከዚያ እየገለጥሁ ስሄድ ይባስ አለ። የሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ የሰው እጆች ወጥተው ካፖርቱን ይጎትቱታል። ግድግዳው በሙሉ ዓይን የሆነ ክፍል አለ። መጨረሻው ገጽ ላይ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል፣ ዓይኖቹን በእርሳስ ፍቃቸው ፍቃቸው ወረቀቱ ተቀዷል። ቃል የሚጻፍባቸው አረፋዎች ሁሉ ባዶ ናቸው። ቃሉን ስዕሉ ካለቀ በኋላ ነው የምሞላው ትል ነበር።

ልጄ በመጨረሻ ያሰበችው ይህን ነው? እንዲህ ፈርታ ነው የሄደችው? ወጥ ስሠራ እሱን አስባለሁ፣ ቅዳሴ ቆሜ እሱን አስባለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ።

ታላቅ እህቴ አየችውና አማተበች። «ከሙት ዓመቷ በፊት አስወግጂው። እንዲህ ያለ ነገር ቤት ውስጥ አይቀመጥም» አለችኝ። ማቃጠል አልደፈርሁም። በፌስታል ጠቅልዬ፣ ድንጋይ ጨምሬበት ወደ ሐይቁ ሄድሁ።

ዳር ላይ ጋሽ ሰይድ የጀልባ ሳንቃ ይመታሉ። ልጃቸው ሰሚራ የቤዛ የክፍል ጓደኛ ናት፣ ሚስማር ታቀብላቸዋለች። አየችኝና ሮጣ መጣች።

«እትዬ! ምን ይዘው ነው?»

«ምንም።»

«ምንም በድንጋይ ይታሰራል እንዴ?»

ፌስታሉን ከእጄ ወሰደችው። ደብተሩን አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ አበሰችው። እንዳላለቅስ ፊቴን አዞርሁ።

«መጨረሻው ያስፈራል፣ አትግለጪው» አልኋት።

«የቱ መጨረሻ?»

አሳየኋት። ዓይኑ የተፋቀውን። ልጅቱ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ ደብተሩን አየች።

«እትዬ... ይህ እኮ መጀመሪያው ነው።»

«እንዴት?»

«የጃፓን ከቀኝ ነው የሚጀመረው። እርስዎ ከኋላ ነው ያነበቡት! ስሟን የጻፈችው የትኛው ሽፋን ላይ ነው? ይኸው!»

እውነቷን ነው። ስሟ የኋላው ሽፋን ላይ ነበር። እኔ የልጅ ዝርክርክነት መስሎኝ...

«ጃፓን እኛ ቤት ምን አግብቶት?» አልኋት።

ጋሽ ሰይድ ከሳንቃው ቀና ሳይሉ፣ «ምን ይደንቃል የቤዛ እናት? እኛስ ቁርኣን የምንቀራው ከቀኝ አይደል? ጎረቤትዎን ቢጠይቁ ኖሮ ዓመት ሙሉ ባልተንገላቱ» አሉኝ።

የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጠን ሰሚራ ከቀኝ እየገለጠች ስዕሉን ተረከችልኝ። ጨለማው መጀመሪያ ነው። ከዓይኑ ክፍል ይወጣል፣ ከእጆቹ ያመልጣል፣ በመጨረሻ አንድ በር ያንኳኳል። እዚያ ሲደርስ ካፖርቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎታል። እኔ ግን በዓመቱ ውስጥ ይህን አላየሁትም።

«ሴትዮዋስ? ፊት የሌላት?»

«ነጠላ ጫማዋን ይዩት እስቲ።»

አየሁት። አንዱ እግር አበባ ያለበት ነው፣ አንዱ የሌለበት። ሆስፒታል ሳለን ከጎናችን ካለችው አስታማሚ ጋር ተቀያይሮብኝ ቀኑን ሙሉ ስዞርበት ቤዛ እስኪያስላት ድረስ የሳቀችብኝ ጫማ። የተከፈተውም በር የኛው በር ነው፣ ከታች ጎድጎድ ያለው።

«ፊቴን ለምን ተወችው ታዲያ?»

ሰሚራ አቀረቀረች። «ሆስፒታል ልጠይቃት የሄድሁ ዕለት እኔም ይህንኑ ጠየቅኋት። ስትስቅ ነው የምስላት፣ እዚህ ከገባን ወዲህ ግን ስቃ አታውቅም አለችኝ።»

...

እዚያ ጀልባ ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥሁ አላውቅም። የጋሽ ሰይድ መዶሻ ብቻ ይሰማኛል። ልጄ ፈርታ እንዳልሄደች አወቅሁ። ግን አላረፍሁም፤ አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ይነዘንዘኛል። ጫማው ላይ አብሬያት ብስቅ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ያን ቀን ተቆጣኋት።

«ባዶዎቹስ ገጾች?» አልኋት ስነሣ።

«ገና የምትስላቸው ነበሩ።»

ድንጋዩን ጣና ወሰደው። ደብተሩ አልጋዋ ላይ ነው። እህቴ ያሻትን ትበል።

ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ለመሳቅ ሞከርሁ... የወጣውን ፊት መርማሪውም ቢያየው ካፖርቱን ጥሎ ይሮጥ ነበር።