የሐዋ ሰማያዊ አበባ

ሐዋ ቡሬ ምሽግ ላይ ለሰፈረው የጣሊያን ጦር ልብስ አጣቢ ነበረች። ባሏ አብዱልሀኪም ነጋዴ ነበር፤ በቅሎዎቹን ሶላቶዎች ከነጠቁት ወዲህ ግን ቤት ዋለ። ስለዚህ የምሽጉን ልብስ ተሸክሞ ወንዝ መውረድና በእንዶድ ማጠብ የእሷ ዕጣ ሆነ።

አንድ ቀን ከሸሚዝ ኪስ ውስጥ የተቋጠረ ጨርቅ አገኘች። ፈታ ብታየው ጥቁር አዝሙድ የመሰለ ዘር ነው። ለባለቤቱ ልትመልስ ብትል፣ የምሽጉ አስተርጓሚ ራሱን ነቀነቀ።

«ሰውየው ማንኩሳ መንገድ ላይ ሞቷል። የአበባ ዘር ነው፣ ከአገሩ ያመጣው። ጣይው።»

አልጣለችውም። ግማሹን በሚያዝያ ሙቀት ዘራችው፤ አንድም አልበቀለ። የቀረውን በጥቅምት፣ የማለዳው ብርድ ጣት ሲያደነዝዝ፣ ከጎመኑ መደብ ዳር በተነችው። ኅዳር ሲጋመስ እንስላል የመሰለ ቀጭን ቅጠል ብቅ አለ። ፍየሏ ቀንጠስ አድርጋ ቀኑን ሙሉ አረፋ ስትደፍቅ ዋለች፤ መርዝ እንዳለው ያኔ ገባት። በእሾህ አጠረችው። ግንዱ ሲመዘዝ ነፋስ እንዳይጥለው በቀርከሃ ደገፈችው።

ጎረቤቷ እማማ አቻምየለሽ ልጃቸው ተስፋው ከአርበኞች ጋር ጫካ የገባ ባልቴት ናቸው። ዘሩ ከየት እንደመጣ ሲሰሙ ሐዋን ማነጋገር ተዉ። አንድ ጊዜ ብቻ ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣ «የጠላት ዘር ከጓሯችን ይብቀል?» አሉ።

«እማማ፣ አፈሩ እኮ የኛ ነው» አለች ሐዋ አንገቷን ደፍታ።

«እሾህስ በኛው አፈር አይደል የሚበቅለው?» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

የካቲት ሲያልቅ፣ ሐዋ ውሃ ልታጠጣ እንደወጣች ቆማ ቀረች። ግንዱ ሁሉ ከታች እስከ ላይ ፈክቷል። ሰማያዊ ነው፤ ግን በጨርቅም በዶቃም አይታው የማታውቀው ሰማያዊ፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ከተራራው በላይ ለጥቂት የሚታየው ዓይነት። እያንዳንዱ አበባ ከጀርባው ቀጭን ቀንድ አብቅሏል። ንቦች ከታችኛው ጀምረው አንድ በአንድ እየጎበኙ ወደ ላይ ይወጣሉ። «ሱብሃነላህ» አለች።

በዚያው ማለዳ እማማ አቻምየለሽ ማጭድ ይዘው ገቡ። ሐዋ አሮጊት ልትገፋ አልደፈረችም፤ ዘወር አለችላቸው። እሳቸውም እሾሁን ገፍተው አበባው ፊት ሲደርሱ ማጭዱን የያዘው እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደደረሰ ሰው ነጠላቸውን አጣፉ።

«አቤት የፈጣሪ ሥራ!» አሉ በሹክሹክታ። ቆይተው ደግሞ፣ «ልጄ፣ ይህን እያየ ያደገ ሰው፣ ሰው ሊገድል እዚህ ድረስ ይመጣል?»

«እኔም እሱን አላውቅም፣ እማማ።»

ጤዛው እስኪረግፍ ድረስ ሁለቱም ንቦቹን እያዩ ቆሙ።

አበባው ሳይረግፍ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ፤ ተስፋውም በሕይወት ተመለሰ። ዘሩ ሲደርቅ እናቱ እፍኝ ለምነው በደጃቸው ዘሩ፤ ከብት እንዳይነካው ሐዋ ራሷ አጠረችላቸው። እሷም እስክታረጅ ድረስ ጥቅምት በመጣ ቁጥር መዝራቷን አልተወችም። የመጀመሪያው አበባ በሚከፈትበት ማለዳ አፏን በእጇ ይዛ እንደ አዲስ ትቆማለች፤ ልጆቿም «እናታችንን አትጥሯት፣ አበባው ፈክቷል» ይባባሉ ነበር።