ምራቅ ልሰጥ ጨንቻ የወጣሁ ዕለት

የአጎቴ ልጅ ምራቁን ለተመራማሪዎች ሰጥቶ ከጨንቻ የወረደ ሰሞን እህል አልዋጥ አለኝ። ሚሌኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ ለመጣ ለሄደው ያወራል። ፈረንጆቹ በዲኤንኤ ምርመራ ደጋውን ቀድሞ ያቀናው የማን ዘር እንደሆነ ሊለዩ ነው፤ መጀመሪያ የጠሩት ደግሞ እሱን ነው። «እኔ ያልወጣሁበት አውሮፕላን ላይ ምራቄ ወጣ» እያለ ይስቃል። አብሬው ሳቅሁ፤ ግን ቀናሁበት።

ቅናቱ የቆየ ነው። አባቶቻችን ወንድማማቾች ናቸው። አገሩን መጀመሪያ ያቀናው የኛ ወገን ነው ስለሚባል፣ በሽማግሌዎች ጉባኤ ምርቃቱ የሚከፈተው ከኛ ቤት ነው። የሚመርቀው ግን በኩር ነው፤ በኩሩ የሱ አባት፣ ከአባቱ በኋላ ደግሞ እሱ። የኔ አባት ታናሽ ስለሆነ ቆላ ወርዶ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ፤ እኔም የቢሮ ወንበር ወረስኩ። የአጎቴ ልጅ እርጥብ ሣር ይዞ ሲመርቅ ከኋላ ቆሜ አሜን እላለሁ። አሁን ደግሞ ሳይንሱም እሱን መረጠ? ደማችን እኮ አንድ ነው።

ቅዳሜ እናቴ ዘመድ ልትጠይቅ ጨንቻ ስትወጣ አብሬያት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዳገቱን ሙሉ አባቶቼን ስቆጥር ነበር፤ እስከ ሰባት ቤት፣ አንድም ሳልስት። እኛ ጋ ዘርህን ቁጠር ሲባል የሚቆጠረው አባት ነው። ሌላ ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም።

ምራቅ የሚሰበሰበው አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነበር። የአጎቴ ልጅ ቀድሞን ደርሶ በር ላይ ሰው ያስተናግዳል፤ ሰርግ የደገሰ ይመስላል። ወጣቱ አስተርጓሚ ፎርሙን አወጣና ስለ ሰባቱ አባቶቼ ምንም ሳይለኝ፣ «አራቱም አያቶችህ የተወለዱት እዚሁ ነው? ሴቶቹም ጭምር?» አለኝ። አንዳቸው እንኳ ከሌላ አገር ከሆኑ ምራቁን አይወስዱም።

የእናቴ እናት የተወለደችው ወላይታ ነው። እናቴ ጎኔ ቆማ ነጠላዋን ታስተካክላለች። የአጎቴ ልጅ ከበሩ ያየኛል።

«አራቱም እዚሁ ናቸው» አልኩ።

ትንሿን ቱቦ ሰጠኝና ወደ እናቴ ዞሮ፣ እርስዎስ አይሰጡም ወይ አላት።

«እኔ አልሆናችሁም» አለችው ረጋ ብላ። «እናቴ የወላይታ ሴት ናት።»

ወጣቱ እስክርቢቶውን እንደያዘ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ።

«ልጅዎ አይደለም እንዴ?»

«እሱን ጠይቀው» አለችው።

ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል። እናቴ ያን ስትል እኔ ዞሬ ያየሁት የአጎቴን ልጅ ነው፤ ሰምቶ እንደሆነ።